ከፓስፊክ የተነሳ ሞገድ በበደሳ ማሳ

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በበደሳ ዙሪያ ያለ ገበሬ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው። ሰብሉ ክረምቱን ጠጥቶ ኅዳር አካባቢ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ዝናቦች አንዱ ከቀረ የዓመቱ ቀለብ ይጎድላል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከሸፈ፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ሳሳ። ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት ዞኖች አንዱ ሆነ። ታኅሣሥ 2008 የወጣው የእርዳታ ጥሪ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ።

ለዚያ ድርቅ መነሻ ከሆኑት አንዱ ከምዕራብ ሐረርጌ ጨርጨር ተራሮች እጅግ ርቆ፣ ፓስፊክ ውስጥ ነበር።

መጋቢት 2007 በምዕራብ ፓስፊክ፣ በምድር ወገብ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ የሚገፋ ብርቱ ነፋስ ነፈሰ። ኬልቪን የሚባለውን ሞገድም ቀሰቀሰ። ይህን ሞገድ ከመርከብ ላይ የቆመ ሰው አያየውም፤ የባሕሩን ገጽ ከፍ የሚያደርገው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሥር ግን ሙቁን ውሃ ከቀዝቃዛው የሚለየውን ድንበር በአሥሮች በሚቆጠሩ ሜትሮች ዝቅ ያደርገዋል። ደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ለመድረስ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። እዚያ ሲደርስ ከጥልቁ የሚወጣው ውሃ እንደ ወትሮው መቀዝቀዙ ይቀርና ባሕሩ ይሞቃል። ሙቀቱ ዘወትር ወደ ምዕራብ የሚነፍሰውን ነፋስ ያዳክማል፤ የነፋሱ መዳከምም ሙቀቱን መልሶ ያባብሰዋል። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ያኮብ ብየርክነስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያብራራው ይህንኑ መመጋገብ ነው። ዙሩን ለመስበር የሚያግዘው ሮስቢ የሚባለው ሌላ ሞገድ ነው፦ ወደ ምዕራብ በዝግታ ይጓዛል፣ በእስያ በኩል ካለው ዳርቻ ተመልሶ ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ገጹ ያቀርባል።

ዝናብ አዘል አየር ወደ ሞቀው ፓስፊክ አቅጣጫ ሲሸሽ፣ በኢትዮጵያ ከፍታዎች ላይ አየሩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ክረምቱም ይሳሳል። በዝናቡ ላይ የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ድርሻ አለው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ምዕራባዊው ክፍሉ ከወትሮው በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በከባድ ዝናብ አጥለቀለቀ፤ ለበረሃ አንበጣም መራቢያ አመቻቸ።

የኬልቪን ሞገድ ሲነሳ ሳተላይትና የባሕር ላይ መለኪያዎች ያዩታል። ሁልጊዜ ግን ኤልኒኖ የሚባለውን የፓስፊክ መሞቅ አይወልድም፦ በ2006 ብርቱ ሞገድ ተነስቶ፣ የተፈራው ኤልኒኖ ሳይጎለብት ቀርቷል። ስለዚህ ትንበያው ለገበሬው መድረስ ያለበት ከነዕድሉ መጠን ነው፤ በአፋን ኦሮሞ፣ ዘር ሳይዘራ በፊት። ምክሩም በተግባር የሚሠራበት መሆን አለበት፦ ማሳው ለሁለት ይከፈል፤ በአንዱ ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ፣ በሌላው ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ወይም ቦሎቄ ይዘራ፤ ዘሩም ሚያዝያ ሳያልፍ በደሳ ይድረስ።