የድፎ ዳቦ ምርቃት

ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ካላገኘ አይበስልም። በየገናው ዋዜማ እናቴ የስንዴውን ሊጥ ጥቁር አዝሙድ ጨምራ ታቦካለች፤ ኩፍ ሲልላት ምጣዱ ላይ ኮባ አንጥፋ ትደፋዋለች፤ እሳቱንም እየቆሰቆሰች ታመሻለች።

በማግስቱ፣ የ43 ቀኑ ጾም ሲፈታ፣ ዳቦውን ባርኮ የሚቆርሰው ግን አባቴ ነበር። በብዙ ቤት ልማዱ ይኸው ነው፤ ጋጋሪዋ ከጓዳው ደጃፍ ቆማ «አሜን» ትላለች።

አባቴ ካረፈ በኋላ በመጣው ገና፣ የበኩር ልጅ ነህና ተብሎ ቢላዋው ለእኔ ተሰጠኝ። ለእናቴ አቀበልኋት። «እሳቱን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ባርኪው» አልኋት።

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም በዳቦው ላይ አማትባ «የከርሞ ሰው ይበለን» ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ለዓመታት በልቧ ስትመርቅ እንደ ኖረች ያን ጊዜ ገባኝ።

«አሜን» ማለቱ የእኛ ተራ ሆነ።