ለኒካህ የትኛው ቦዲ?



አራት ነን። ሦስታችን ምህንድስና፣ አንዷ እህታችን ፋርማሲ እንማራለን። ቅዳሜና እሁድ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እየወጣን የኒካህና የወሊማ ፎቶ እናነሳለን። የሴቶቹን ክፍል እህታችን ትይዛለች፣ የወንዶቹን እኛ ወንዶቹ። ሁለት ዓመት በሁለት ክሮፕ ካሜራዎች ሠርተን፣ እንደ ዕቁብ ያጠራቀምነው ገንዘብ ለአንድ ፉል ፍሬም ቦዲ ደረሰ። የትኛውን እንግዛ የሚለው ግን አንድ ወር ሙሉ አጨቃጨቀን። የኪስ ገንዘባችሁን በፎቶ የምትሸፍኑ ወንድሞችና እህቶች እንዳላችሁ ስለምናውቅ፣ ያሰላነውን እነሆ።

ፉል ፍሬም ማለት ሴንሰሩ እንደ ድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ ነው። ክሮፕ የምንለው 23.5 በ15.6 አካባቢ ነው። ብታባዙት የፉል ፍሬሙ ስፋት ወደ 2.4 እጥፍ ይመጣል፤ በዚያው ልክ ብርሃን ይሰበስባል። ብዙ ሻጭ እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን ሌላውንም አሰላን፦ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ሌንስ ዙም ሲደረግ ቀዳዳው 5.6 ላይ ይቀመጣል። በ1.8 ሌንስ ብትቀይሩት ብርሃኑ ከ9 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ «ፎቶዬ ጨለመብኝ» የሚል ሰው ቦዲውን ትቶ መጀመሪያ ርካሹን የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይግዛ። በዚህ አራታችንም ተስማማን።

ታዲያ ፉል ፍሬም ለምን አስፈለገን? መልሱ የቡራዩ ሳሎን ነው። ኒካህ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው በሙሽሪት ቤተሰብ ቤት ነው። ወልዩ፣ ሙሽራው፣ ምስክሮቹና ኡስታዙ ምንጣፍ ላይ ጉልበት ለጉልበት ይቀመጣሉ፤ እኛ ጀርባችንን ከግድግዳው አጣብቀን እንቆማለን። 50ው ሌንስ ክሮፕ ላይ እንደ 75 ይጠብባል፤ ኡስታዙ ሲገባ ወልዩ ይቀራል። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ በሰፊው በኩል ሁሉንም ያስገባል፣ ግን ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ መብራት ሲጠፋ (ደግሞ ይጠፋል!) ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ፉል ፍሬም ላይ 35 ሚሊ ሜትር ባለ 1.8 ሌንስ ሰዎቹንም ብርሃኑንም ያስገባል። እንግዲህ ገንዘቡን የምናወጣው ለሳሎኑ ጥበት ነው።

ሦስት የዋጋ ደረጃ ቀረበልን። ከታች ያገለገለ ካኖን 6ዲ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ በአንድ ባትሪ ወደ 1,090 ፎቶ የሚያነሳ። ለሱሉልታ ብርድና ቻርጅ ለማይገኝበት ቀን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያኔ አዲስ ከሚሸጡት በዋጋ ዝቅ ይል የነበረው ካኖን አርፒ በአንጻሩ በፋብሪካው መለኪያ 250 አካባቢ ላይ ይቆማል። የሁለቱም ችግር ግን አንድ ነው፤ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያቸው አንድ ብቻ ነው። ካርድ በተበላሸ ቀን «ኒካሁን ድገሙልን» አይባልም።

ከላይ ሶኒ ኤ7 ሦስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ቦዲው ብቻ ወደ 2,000 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ገበያ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ያ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሁለት ካርድ ይይዛል፣ ቀላል ነው፣ ዓይን ተከትሎ ያተኩራል፣ ድምፅ ሳያሰማም ያነሳል። ኡስታዙ ኹጥባ ሲያደርጉ ጠቅ ጠቅ አለማለቱ አጓጉቶን ነበር። ይሁንና የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህ ካሜራ ድምፁን አጥፍቶ ሲያነሳ በምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር ይጥላል። የሰበታ ዳሶች ደግሞ በዚሁ አምፖል የተሞሉ ናቸው።

አንዱ ወንድማችን «ጎደሎውን ተበድረን ሶኒውን እንግዛ» አለ። ረመዳን ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ፈተና ሲመጣ እኛ እንቆማለን፤ ዕዳው ግን አይቆምም። እሱም ብዙ አልተከራከረም።

መሐል ላይ ያለውን ኒኮን ዲ750 ያዝን። እ.ኤ.አ. የ2014 ሥሪት ነው፤ 24 ሜጋፒክስል፣ ሁለት ካርድ፣ በአንድ ባትሪ ከ1,200 በላይ ፎቶ። 840 ግራም ይመዝናል፣ ትከሻ ይሰማዋል። ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ አንድ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ ኒኮን ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ እዚያው ፋይል ውስጥ ይጽፋል። ይህ ሸተር ለ150,000 ጊዜ የተፈተሸ ነው፤ የኛው 62 ሺህ ላይ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 የተወሰኑ ዲ750ዎችን ሸተር በነጻ ለመቀየር ጥሪ አውጥቶ ስለነበር፣ የቦዲውን ተከታታይ ቁጥርም አጣሩ።

ሌላው ከመድረሳ ያገኘነው ነው። ኪታብ ስንቀራ ስለ ኺያር ተምረናል፤ ገዢ እስከ ሦስት ቀን የመመለስ መብት በውሉ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሻጩን ይህንኑ ጠየቅነው። ሳቀ፣ ከዚያ እሺ አለ። በሦስቱ ቀን ነጭ ግድግዳ አንስተን የሴንሰሩን አቧራ አየን፣ ሁለቱንም ካርድ እስኪሞሉ ሞከርን። ዕቃው ላይ ያለ ዐይብ ካለ መናገር ግዴታው እንደሆነም አስታወስነው፤ ያኔ የአንዷ ቁልፍ ላስቲክ መላቀቁን ነገረን፣ ዋጋም ቀነሰ።

ያላሰብነው ጉዳይ ከእህታችን መጣ። ሴቶቹ በክፍላቸው ሒጃባቸውን አውልቀው የሚነሱት ፎቶ አማና ነው። ሁለት ካርድ ማለት ደግሞ ሁለት ቅጂ ማለት ነው። እኛ ለደኅንነት ብለን የመረጥነው ነገር ለእሷ የሚጠበቀውን በእጥፍ ጨመረው። አሁን አሠራራችን ይህ ነው፦ ኒካሁ እንደተጠናቀቀ ቦዲው ወደ ሴቶቹ ክፍል ይገባል፤ በር ላይ የኛን ሁለት ካርዶች አውጥተን ባዶውን እናስረክባታለን። የሴቶቹን ካርዶች የምትይዘው፣ በራሷ ላፕቶፕ የምታስተካክለውና ለሙሽሪት የምታስረክበው እሷ ብቻ ናት። እኛ የወሊማውን ምግብና የሽማግሌዎቹን ዱዓ በክሮፑ እንጨርሳለን፤ ዳሱ ሰፊ ስለሆነ 50ው ሌንስ እዚያ ይበቃል።