መርዶ እንዴት ይነገራል?

ሐይቅ ውስጥ መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። ሌላውም አገር አለው፤ እኔ የማውቀው ግን የሐይቁን ነው። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሟች ቤተሰብ አይደለም፤ ለጎረቤት፣ ለዕድር ዳኛ፣ ለዘመድ ሽማግሌ ነው። እነሱ ይመክራሉ፤ ያጣራሉ። «ማን ነገረህ? አንተስ በዓይንህ አይተሃል?» ይባላል። ቤቱ ውስጥ ልብ የሚያማት አለች ወይ፣ ነፍሰ ጡር አለች ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቄሱም ሼሁም ባሉበት ይነገራል። ወሬውን ያመጣው ሰው ስም አለው። ዋሽቶ ቢገኝ ሄደው የሚጠይቁበት ደጅ አለው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ጦርነትና ስለ ፕሮፓጋንዳ ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ነገሩ የተያያዘ ነውና ታገሡኝ።

በእኛ ጉርምስና ፕሮፓጋንዳ የሚመጣው በሬዲዮ ነበር። የኤርትራ ነፃ አውጪዎች «ድምፂ ሓፋሽ» ከ1971 ጀምሮ ከሳህል በረሃ፣ «ድምፂ ወያነ» ደግሞ ከ1977 ወዲህ፣ በአማርኛም ጭምር ያስተላልፉ ነበር። ማዳመጥ ያሳስራል። ስለዚህ ሬዲዮኑ ማታ ማታ ጋቢ ይለብሳል። በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ጦሩ ሲሰበር የመንግሥት ሬዲዮ ወዲያው አልነገረንም፤ ልጁን ኤርትራ የላከ አባት ግን ጆሮውን ጋቢው ሥር አስገብቶ ሰምቷል። ያ አባት ሻዕቢያን ወድዶ አልነበረም። የገዛ መንግሥቱ ሬዲዮ ስለ ልጁ ዝም ስላለው ነው።

ሆኖም የዚያ ዘመን ፕሮፓጋንዳ አድራሻ ነበረው። ሰዓት አለው፣ ሞገድ አለው፣ መዝሙር አለው። የማን አፍ እንደሆነ እያወቅህ ግማሹን ትውጣለህ፣ ግማሹን ትተፋለህ። (ብልጠትም ነበረው፤ በግንቦት 1983 ወሎን የያዘው ዘመቻ ስሙ «ዘመቻ ዋለልኝ» ነበር። ዋለልኝ መኮንን የወሎ ልጅ መሆኑን ማን ያጣዋል?)

አሁን ወደ ጥቅምት 2014 ልውሰዳችሁ። ወልድያ በነሐሴ 2013 ከተያዘች ወዲህ ጦርነቱ በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በውጫሌ አድርጎ አስፋልቱን ይዞ ወደ ሐይቅ ይወርድ ነበር። ጥቅምት 20 ቀን የሕወሓት ሰዎች ደሴን ያዝን አሉ። መንግሥት በዚያው ዕለት አልተያዘችም አለ። በማግስቱ ኮምቦልቻም ተያዘች ተባለ። ከሐይቅ ደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስቲ አስቡት፤ ሰው ከብቱን ትቶ ልጁን አዝሎ መውጣቱንም ሆነ መቅረቱን የሚወስነው በእነዚህ ሁለት አፎች መካከል ሆኖ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ስልኬን ስጎረጉር አንዲት አክስቴ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አንተ ልጅ፣ ፌስቡክህን ተወው። በወልድያ በኩል አይሱዙ መምጣት ካቆመ ሰነበተ። ውጫሌ ስትደውል ስልክ አይነሣም። እኔ ከዚህ ሌላ ምን ልስማ?» በዚያው ሌሊት ወጣች። ጎረቤቷ ግን ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው የሚለውን አምኖ ቀረ። ከእነሱ ቀደም ብሎ ደግሞ አንዱ የሰፈር ልጅ «ሐይቅ ተይዛለች» የሚል ከውጭ አገር የተሰራጨ ቪዲዮ አይቶ አራስ ሚስቱን በሌሊት ብርድ ይዟት ወጣ። ሐይቅ ያን ቀን አልተያዘችም ነበር። አንዱን ያስቀረው የወገን ነኝ ባይ ውሸት፣ ሌላውን ያሰደደው የባላንጣ ውሸት፤ በእኔ ሚዛን ልዩነት የላቸውም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ነውና ጆሮዬ ቃል ላይ ያርፋል። በዚያ ሰሞን «አረም» የሚለው ቃል ከሹማምንት አፍ ወጥቶ ከስልክ ስልክ ይዘዋወር ነበር። አረም የገበሬ ቃል ነው። የተሁለደሬ ገበሬ ጤፉን ሲያርም ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን ቅጠል በእጁ ይለያል፤ ጤፉንና አረሙን ለመለየት ዓይን ይጠይቃል። ስልክ ላይ የተለጠፈው አረም ግን መለየት አያውቅም፤ ጠላም የሚጠምቅ፣ ትምህርትም የሚያስተምር ትግሬ ሁሉ አረም ሆነ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ «ሒሳብ ማወራረድ» መጣ። ይሄ የሒሳብ ሹም ቃል ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ ፊርማ አለው። እነሱ ያወራረዱት ግን ምንም ዕዳ በሌለበት ድሀ ቤት፣ በጤና ጣቢያው መድኃኒትና በትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ ነው።

ቃል ሰው አይገድልም የሚል ካለ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ጉዳይ ይጠይቅ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በዚያ ሰሞን ፎቶግራፋቸውን ይዘው በፌስቡክ የዘመቱባቸው ነበሩ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። አንድ የአገሬ መምህር በገዛ ደጁ ሲገደል ዳኛ የሚፈለገው ናይሮቢ ድረስ ተሂዶ መሆኑ ያስገርመኛል፤ ያሳፍረኛልም።

የአምባሰል ሰው የቃልን ዋጋ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ውጫሌ እዚያው ናት። በሚያዝያ 1881 በተፈረመው ውል አማርኛው ለምኒልክ «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገባቸው። በአንዲት ግሥ አገር ሞግዚት ሊገባላት ነበር። ኤርትራ የምትባለው ቅኝ ግዛት መሬትም የተሰጠው በዚያው ወረቀት ነው፤ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያዋጋን ነገር ሥሩ እዚያ ይደርሳል። አንቀጽ 17 ላይ የተጠናቀቀ ክርክር ግን አልነበረም፤ ምኒልክ ውሉ እንዲህ አይልም ብለው በአደባባይ፣ በማኅተማቸው፣ ለየመንግሥታቱ ጻፉ። አድራሻ ያለው መልስ ማለት ይሄ ነው።

የእኛ ዘመን መንግሥት የመረጠው መልስ ግን ሌላ ነው፤ መዝጋት። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ከፋኖ ጋር ውጊያው ሲነሣ (ይኼኛው ልገንጠል የሚል አይደለም፣ አንድ ላይ እንዳትቆጥሩብኝ) የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ወሬውስ ተዘጋ? ኧረ ምን ሲደረግ! ዋሽንግተን የተቀመጠው ዩቲዩበር ሌሊቱን ሙሉ ያወራል፤ አምባሰል ያለው ሰው ግን «እኔ እዚሁ ነኝ፣ እንዲህ አልሆነም» ብሎ የሚመልስበት መንገድ አጣ። የተዘጋው የዋሸው ሳይሆን ያየው ሰው አፍ ነው።

ስለ መርዶ ጀምሬያለሁና እሱን ልጨርስ። በሰሜኑ ጦርነት የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነበር። ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2016፣ ትግራይ ውስጥ ለሟች ታጋዮች ቤተሰቦች መርዶ በይፋ ተነገረ፤ ሦስት ቀን የሐዘን ቀን ታወጀ። የእናቶቹን እሪታ በዚችው በምረግማት ስልክ አየሁ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ተነግሯል፣ ተለቅሷል። በእኛ በኩል ስንት ሰው እንደሞተ በይፋ ሲነገር አልሰማሁም።

ሐይቅ ላይ ልጇ ከዘመተ ወዲህ ድምፁን ያልሰማች አንዲት እናት አለች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሄደው አያውቁም፤ የሚያጣሩበት ቦታ የላቸውማ። አንዱ መጥቶ ፌስቡክ ላይ ምርኮኛ መሐል አይቼዋለሁ ይላታል፤ ሌላው ሱዳን ገብቷል ይላታል። ለሁለቱም ቡና ታፈላለች። ልጇ የሚያውቀው ቁጥር ያ ስለሆነ ሲም ካርዷን አልቀየረችም፤ መብራት የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ የምትሰካው ስልኳን ነው።