መራጩ አፈሩ ነው

እኛ ተማሪዎች ስለ ምርጫ ስንከራከር የምንነሳው ከሰውየው ነው። ዜጋ ነው? ዕድሜው ደርሷል? እንግዲያው ይምረጥ! አሜሪካኖች ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አላቸው፤ ለመሆኑ የት ነው የሚያድረው?

እስቲ አንድ የአገራችንን ሰው እናስብ። ቨርጂኒያ ሄዶ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ የአሜሪካ ዜግነትም ወሰደ እንበል። ጡረታ ወጥቶ ቦሌ ቤት ቢከራይ፣ በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የምርጫ ወረቀቱ ከቨርጂኒያ ይላክለታል፤ አዲስ አበባ ሆኖ ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል። ይኸው ሰው ባሕሩን ወዶ ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ከተማ ቢቀመጥስ? አይመርጥም። ፓስፖርቱ ያው፣ ዶላሩ ያው፣ ባንዲራው ያው! ከአሜሪካ ምድር ጨርሶ ሲወጣ ድምፁ ይከተለዋል፤ አሜሪካ በምትገዛው ደሴት ላይ ሲያርፍ ግን ይጠፋል። በተቃራኒው በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤታቸውን አፍርሶባቸው ፍሎሪዳ የገቡ የደሴቲቱ ልጆች እዚያ ነዋሪ ሆነው ሲመዘገቡ መራጭ ሆኑ። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የረገጡት አፈር ነው የተለወጠው።

ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን ወኪሎች የሚሰጠው ለስቴቶች ነው፤ ፖርቶ ሪኮ ደግሞ ስቴት አይደለችም። በ1898 ጦርነት፣ ከጓም ጋር፣ ከስፔን የተወሰደች ግዛት ናት። በ1901 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት አንድ ክርክር ቀረበ፤ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የብርቱካን ክርክር! ከፖርቶ ሪኮ ኒው ዮርክ የገባ ብርቱካን ቀረጥ ይከፈልበታል ወይስ አይከፈልበትም? ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፍለው ይከፈልበታል አሉ። ደሴቲቱ የአሜሪካ ንብረት እንጂ የአሜሪካ አካል አይደለችም ማለታቸው ነው። በእኛ አማርኛ የእንጀራ ልጅ ይሏታል። በ2022 ከዳኞቹ አንዱ ኒል ጎርሰች እነዚያ ፍርዶች በሕገ መንግሥቱ ላይ ሳይሆን በዘር አመለካከት ላይ የቆሙ ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ፍርዶቹ ግን አልተሻሩም።

ዜግነቱ በመጋቢት 1917 ተሰጠ። በሚቀጥለው ወር አሜሪካ ጦርነት ገባች፤ የደሴቲቱም ወጣት ለወታደርነት ተጠራ። በ1950 ደግሞ የፖርቶ ሪኮ ልጆች የሞሉበት 65ኛ እግረኛ ሬጅመንት ኮሪያ ዘመተ። በዓመቱ የእኛው ቃኘው ሻለቃ እዚያው ደረሰ። የእኛዎቹን ያዘመተው ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ማንም አልመረጠውም፣ ተመርጫለሁም አላለም። የእነሱን ያዘመተው ግን በድምፅ የተመረጠ ፕሬዚዳንት ነው፤ መራጩ ሌላ፣ ዘማቹ ሌላ!

«ግብር አይከፍሉማ!» የሚል መልስ አለ። እውነት ነው፤ አብዛኞቹ እዚያው ባገኙት ገቢ ላይ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፍሉም። የጡረታና የሕክምና መድን መዋጮ ግን ከደመወዛቸው ይቆረጣል። ደግሞስ ገቢው ለግብር የማይበቃ የሚሲሲፒ ድሃ ከምርጫ ጣቢያ ይባረራል እንዴ? በ2016 የደሴቲቱ ዕዳ ሲከብድ ኮንግሬስ ባወጣው ሕግ 7 አባላት ያሉት ቦርድ በበጀቷ ላይ ተሾመ። ሿሚው ፕሬዚዳንቱ ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ኮንግሬስ ውስጥ ያለው አንድ ተወካይ ነው፤ እሱም ይናገራል እንጂ ሕግ በሚጸድቅበት ጊዜ እጁን አያወጣም።

ስቴት እንሁን፣ ባለንበት እንቆይ፣ ነፃ እንውጣ እያሉ እርስ በርሳቸው መከራከራቸውን እናውቃለን፤ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም የሚለውን ግን አንቀበልም። ስቴት ያልሆነችው ዋሽንግተን ከተማ በ1961 በተደረገ ማሻሻያ ፕሬዚዳንት መምረጥ ጀምራለች።

የጓም ሰዎች ደግሞ ከ1980 ጀምሮ በየ4 ዓመቱ ለፕሬዚዳንት ድምፅ ይሰጣሉ። ወረቀቱ ይታተማል፣ ሕዝቡ ይሰለፋል፣ ኮሮጆው ተከፍቶ ይቆጠራል። ፀሐይ ቀድማ የምትወጣው እነሱ ዘንድ ስለሆነ ውጤታቸው ሲነገር ዋሽንግተን ገና ከእንቅልፉ እየተነሳ ነው። ቁጥሩ ግን ከማንም ድምር ውስጥ አይገባም።