የማክሰኞው ሾፌር፣ የእሁዱ ሾፌር

ከሳሪስ እስጢፋኖስ አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። መንገዱ ያው ነው፤ ብስክሌቱም ያው ነው፤ ጋላቢውም እኔው ነኝ። ቀኑ ሲቀየር ግን የምጠራበት ስም አብሮ ይቀየራል። ከሰኞ እስከ አርብ «ውጣልኝ!»፣ «መንገዱን በውርስ ያገኘኸው መሰለህ?»፣ «መሞት ከፈለግህ ሌላ ቦታ ሂድ!» እባላለሁ። እሁድ ጠዋት ደግሞ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ! በርታ!» የሚለኝ ሾፌር አላጣም። ከተማችን ሁለት ዓይነት ሾፌሮች ያሏት ይመስለኝ ነበር፤ የሥራ ቀን ክፉዎችና የእሁድ ደጎች። እንዳልሆነ የገባኝ በጎረቤቴ ምክንያት ነው።

ጎረቤቴ የተመሰከረላቸው ጨዋ ሰው ናቸው። የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው። ለቅሶ ቤት ቀድመው ይደርሳሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጎተራን ማሳለጫ እንዳለፍኩ አንዲት ነጭ መኪና ክላክስ እያንባረቀች ከኋላዬ መጣችና ወደ መንገዱ ጠርዝ ገፋችኝ። ስፖኪዮዋ ክርኔን ነክቶ አለፈ። አንድ እግሬን አስፋልት ላይ አሳርፌ፣ ልቤ እየመታ፣ ታርጋዋን አየሁ። በየማታው ከቤቴ ፊት ለፊት የምትቆመው መኪና ናት! ሄልሜት አድርጌ ስለነበር ማን መሆኔን አላወቁም።

በዚያው ሳምንት እሁድ የሽሮ ሜዳን ዳገት ወደ እንጦጦ እያቃሰትኩ ስወጣ ያችው መኪና ደረሰችብኝ። ጋሼ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ እንጦጦ ማርያም እየሄዱ ነው። ቀስ አሉ። ራቅ ብለው ሰፊ ቦታ ሰጡኝና «በርታ ጀግና!» ብለውኝ አለፉ። አሁንም አላወቁኝም።

ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ዕለት ጎተራ ላይ የገፉት ብስክሌተኛ እኮ እኔ ነበርኩ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አንተ? ምነው ታዲያ እኔ ነኝ አትለኝም?»

«ባልሆንስ ኖሮ?»

ዝም አሉ። ከቆዩ በኋላ፣ «የልጅ ልጄን ላደርስ ነበር» አሉኝ። «የትምህርት ቤቱ በር 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እውነቱን ልንገርህ? ያን ዕለት ሰው አላየሁም። የዘጋብኝን ነገር ነው ያየሁት።»

ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ረቡዕ እናቴን ሐኪም ቤት ለማድረስ የወንድሜን መኪና ተውሼ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ከፊቴ አንድ ልጅ በብስክሌቱ የኋላ ወንበር ላይ የዳቦ ማዳበሪያ ጭኖ ይሄዳል። ክላክሱን ደጋግሜ ተጫንኩት። ደንግጦ ሲያዞር ማዳበሪያው ወደቀ። ዳቦው አስፋልት ላይ ሲንከባለል በመስታወት አየሁት፤ አልቆምኩም። እናቴ «ምነው ልጄ፣ የሰው እንጀራ እኮ ነው» አለች። እኔ፣ ሰኞና ማክሰኞ በሾፌር የምማረረው ሰውዬ፣ ረቡዕ ዕለት መሪ ስጨብጥ ያው ሆኜ አረፍኩት።

እንግዲህ የሚለዋወጠው ሰውየው ሳይሆን ጥድፊያው ነው። የሥራ ቀን መንገድ ላይ የራሱ ጊዜ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የታክሲ ሾፌሩ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት፤ አንድ ምልልስ ቀነሰ ማለት ከራሱ ኪስ ወጣ ማለት ነው። ሠራተኛው የፊርማ ሰዓት አለበት። በዚያ ላይ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወስደውን መንገድ መሐሉን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩ ይዞታል፤ የቀረውን መኪናው፣ እግረኛውና እኔ እንሻማለን። ከሁሉም ደካማው ላይ መጮህ ደግሞ ቀላል ነው። የጭነት መኪናን ማን ይገፋል?

ጥድፊያው ብቻ ግን አይደለም። ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ፤ ልብስ። ማክሰኞ ሱሪዬን በካልሲ ጠቅጥቄ፣ የምሳ ዕቃዬን ከኋላ አስሬ ስሄድ «መኪና መግዛት ያቃተው ምስኪን» ነኝ። እሁድ ስፖርት ልብስ ስለብስ «ስፖርተኛ» ነኝ። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስለተወዳደረው ስለ ገረመው ደንቦባ፣ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ስለሆነው ስለ ፅጋቡ ግርማይ ስናወራ ደረታችንን እንነፋለን። ዳቦ አመላላሹና ምግብ አድራሹ ወጣት ግን የሚነዳው ያንኑ ሁለት ጎማ መሆኑ ትዝ አይለንም። ለመዝናናት የሚጋልበውን እናከብራለን፤ ለእንጀራው የሚጋልበውን እንሰድባለን። ይሄ ፍርድ ነው?

የእሁድን ነገርም ብዙ እንዳላሞግሰው አንድ ነገር ልበል። እሁድ ማለዳ የሚገፋኝ የለም፤ የምፈራው ግን ያኔ ነው። የሥራ ቀን መኪናው ተጣብቆ ስለሚያዘግም ስድቡ እንጂ ፍጥነቱ አይገድልም። እሁድ መንገዱ ባዶ ነው። ከመቶው አሽከርካሪ ዘጠና ዘጠኙ ጨዋ ይሆንና አንዱ ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ የሚመለስ ይሆናል። በ60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በ30 ከሚሄደው ይልቅ የሚይዘው የግጭት ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ የሚቆስለው ክብሬ ነው፤ እሁድ ግን ከኋላዬ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንገቴን አዞራለሁ። ጨዋነትና ደህንነት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

«መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር አስታውሳለሁ። በአንድ እሁድ አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት ብስክሌት ሲነዱበት፣ አባቶች ከኋላ ኮርቻ ይዘው ሲሮጡ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከእነዚያ አባቶች ብዙዎቹ ሰኞ ጠዋት መሪ የሚጨብጡ ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተበጀላቸው ጎዳናዎች አሉ። ደስ ይላል። መስመሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ግን ተመልሰን ያው ዓይን ለዓይን የምንተያየው ሰዎች ነን። ቀለም የተቀባ አስፋልት ብስክሌተኛውን ከመኪና ሊለየው ይችላል፤ ሰው መሆኑን ለሾፌሩ የሚነግረው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ቡና በኋላ ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ላንቻ አካባቢ ከኋላዬ የክላክስ ጩኸት በረከተ። እንደለመድኩት ትከሻዬን ሰብስቤ ስድቡን ጠበቅኩ። አልመጣም። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ያለችው ነጭ መኪና የጋሼ ናት። የልጅ ልጃቸው ከኋላ ወንበር እጁን ያውለበልብልኛል። ጋሼ ርቀታቸውን ጠብቀው፣ በእኔ ፍጥነት፣ ቀስ እያሉ ይከተሉኛል። የሚጮኸው ከእሳቸው ኋላ ያለው ሰልፍ ነው። አንዱ ሚኒባስ እንደምንም ጎናቸው ደርሶ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ የሰደባቸውን እዚህ አልጽፈውም።

ማታ በር ላይ ተገናኘን። ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ትንሽ ቆሙና፣

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «በየቀኑ ይሄን ሁሉ እየሰማህ ነው እንዴ ሥራ የምትገባው?»