ለልደት እራት ወደ ደብረ ታቦር

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይን ድልድይ ተሻግረው፣ ሐሙሲትን አልፈው ወረታ ሲደርሱ መንገዱ ይከፈላል። ቀጥታው ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ በቀኝ የሚታጠፈው ደግሞ በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ወልዲያ ይዘልቃል። ሜዳው እዚህ ላይ ያበቃል። በቀሪው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መኪናው ወደ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ዓለም በርን ሲያልፉ መስኮት መዝጋት፣ ደብረ ታቦር ሲደርሱ ደግሞ ጋቢ መፈለግ የተለመደ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የጓደኛዬ ልደት ነው። ጓደኛዬ ለሥራ ደብረ ታቦር ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ዘመዶቿ ያሉት አዳማ ነው። ዘንድሮ 40 ዓመት ሞላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ልደቷን የማይረሱት እናቷ ነበሩ፤ ኬክ በየቤቱ ሳይለመድ በፊት ድፎ ዳቦ ጋግረው ጎረቤት ይጠሩ ነበር። እናቷ ባለፈው ዓመት አረፉ። ስደውልላት “ዘንድሮ ይቅርብኝ፤ ሆዴ አልቻለም” አለችኝ። ይቅርብኝ ያለን ሰው በጭብጨባና በፊኛ ማስጨነቅ አይገባም፤ ብቻውን መተውም አይሆንም። “ቅዳሜ መጥቼ አንቺ ጋር አድራለሁ” ብቻ አልኳት። እሑድ ከሰዓት ቤቴ መመለስ ስላለብኝ፣ በእጄ ያለው ጊዜ አንድ ቀን ነበር።

መጀመሪያ የወሰንኩት ቀኑን ነው። ልደቷ የዋለው ረቡዕ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው የዶሮ ወጥ እራት በእነዚያ ቀናት አይታሰብም። ቅዳሜ ፍስክ ነው፤ በማግስቱም ሥራ የለም። ልደት ሦስት ቀን ቢዘገይ የሚጎድለው ነገር የለም።

ቀጥሎ ለአከራይዋ ደወልኩ። ጓደኛዬ የምትኖረው በአንዲት ትልቅ እናት ግቢ ውስጥ ነው። “እማማ፣ ድፎ ይጋግሩልኛል?” ስላቸው “ለእሷ ከሆነማ ምን ገዶኝ፣ የኔ ልጅ” አሉኝ። ወዲያው ግን “ብርዱን እንዳትረሺ፤ ሊጡ እዚህ ቶሎ አይነሳም” ብለው አስጠነቀቁኝ። እርሾ ሙቀት ይወዳል፤ ባሕር ዳር በጥቂት ሰዓት ኩፍ የሚል ሊጥ ደጋ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ተቦክቶ ቅዳሜ ጠዋት እንዲጋገር ተስማማን። የምንጋግርበትን የኮባ ቅጠል እኔ ከባሕር ዳር ላመጣ ቃል ገባሁ።

ዶሮ ወጡም የራሱ ስሌት ነበረው። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በደብረ ታቦር ከፍታ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሥጋው ለመብሰል ይዘገያል፤ የሀበሻ ዶሮ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። የእማማ መላ ቀላል ነበር። ሽንኩርቱና በርበሬው ዓርብ ማታ በዘይት ቁሌት ሆኖ ያድራል፤ ቅቤውና አሥራ ሁለቱ ብልት የሚገቡት ቅዳሜ ነው። እንዲህ ሲሆን ጾሟን የያዘች ባለሙያ ዓርብ ቁሌቱን ብትቀምስም ጾሟ አይፈርስም፤ ረጅሙ ሥራም እንግዳ ሳይመጣ ያልቃል።

የቀረውን አገሩ ራሱ ያቀርባል። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ በሩዝ የታወቀ ነው፤ በአካባቢው የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ መጋገር የተለመደ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ፋርጣ የድንችና የገብስ አገር ነው። ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ የሚታየው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ከእሱ ይነሳሉ። ስለዚህ ለገበታው ከሩቅ የተጫነ ነገር አላስፈለገንም። ዶሮ ወጥ፣ ተቀቅሎ በአዋዜ የቀረበ ድንች፣ አይብ፣ የገብስ ጠላ፣ ድፎ፣ በመጨረሻም ቡና። በቃ።

ጠዋት 1፡30 ተነስቼ ከረፋዱ 4፡30 ገደማ ደረስኩ። ኮባውን በጓሮ በር አቀብዬ ወደ ጓደኛዬ ቤት ገባሁ። አሁን የቀረው እሷን ከግቢው ማራቅ ነው፤ የበርበሬው ሽታ ሚስጥር አይጠብቅም። ከምሳ በኋላ “እስቲ ጋፋትን አሳዪኝ” አልኳት።

ጋፋት ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኝ ኮረብታ ነው። ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በ1860ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ንጉሡ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን መድፍ ያሠሩት እዚህ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ ከዚህ ተነስቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። አዲስ አበባ ያላችሁ አምሳያውን ቴዎድሮስ አደባባይ ታውቁታላችሁ። ኮረብታው ላይ ብዙ የሚታይ ነገር የለም፤ ሣር፣ ነፋስና ሰፊ አገር ነው። ጓደኛዬ ስለ እናቷ ሕመም፣ ስለ መጨረሻው ሳምንት፣ መድረስ ስላልቻለችበት ሌሊት ያወራችልኝ እዚያ ተቀምጠን ነው። ለዚህ ሁለት ሰዓት ብቻ እንኳን መንገዱ ይገባው ነበር።

ምሽት 12፡30 ላይ ተመለስን። ደጋ ላይ እራት በጊዜ ቢሆን ይሻላል፤ ብርዱ ሳይበረታ እንግዳ ወደ ቤቱ ይገባል። የጠራሁት ስድስት ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ፣ ጎረቤቶቿና እማማ። ሻማ አልነበረም፤ የልደት መዝሙርም አልተዘመረም። ድፎው ከነኮባው መሶብ ላይ ቀረበ። ጓደኛዬ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። “ማነው የጋገረው?” አለች። እማማ “እኔ ነኝ ልጄ። የእናትሽን ባይተካም እጅ አያጥርሽ ብዬ ነው” አሏት። መርቀው ቆረሱና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሰጧት። አለቀሰች፤ ከዚያ በላች፤ ከዚያም ስለ እናቷ ድፎ እያወራች አሳቀችን።

ዳቦው ለከተማዋም እንግዳ አይደለም። ደብረ ታቦር ስሟን የምትጋራው ነሐሴ 13 ከሚውለው በዓል ጋር ነው፤ እኛ ቡሄ የምንለው፣ ልጆች ሆያ ሆዬ ጨፍረው ሙልሙል የሚቀበሉበት ቀን። ለሰው ዳቦ ቆርሶ መስጠት እዚህ አገር ራሱን የቻለ መልእክት ነው።

እናንተም ጊዜ አጥሯችሁ ሩቅ ላለ ወዳጅ እራት ለማሰናዳት ካሰባችሁ፣ የሚከተሉት ይረዷችኋል።

ቀኑን ከጾሙ ጋር አስተያዩ። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ሳይሆን አጽዋማቱንም ቁጠሩ። ጾም ላይ ከዋለ ሽሮ፣ ምስርና ድንች ያማረ ገበታ ይሆናሉ።

እዚያው ያለ አንድ ሰው አማክሩ። የአካባቢውን ምጣድ፣ ብርድና ገበያ የሚያውቀው እሱ ነው። የአስቤዛውን ገንዘብ ቀድማችሁ ላኩ፤ ለድካሙም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

ከእራቱ ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሊጥና ቁሌት ከዋዜማው ይጀመሩ፤ ለደጋ ድስት ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ጨምሩ።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። በቀን ብርሃን ውጡ፤ በቀን ብርሃን ግቡ። ጋቢም አትርሱ።

ከምግቡ ሁሉ አንዱን ለዚያ ሰው ብቻ ምረጡ። ለጓደኛዬ ድፎ ነበር። ለእናንተ ወዳጅ የትኛው እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።