ቁጥሩ አንድ፣ ጥይቱ ሌላ

እዚህ ዋግ ውስጥ፣ በጋዝጊብላም ሆነ በሰቆጣ፣ ሰው ስለ ጠመንጃ ሲጫወት የሚያነሳው ስሙን ነው፣ የማን አባት ይዞት እንደነበረ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ የሚጎርሰው ጥይት የራሱ ነው ወይ?

ነገሩን ፍንትው አድርጎ የሚያሳይ አንድ ሽጉጥ አለ። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲንግል ሲክስ የሚለውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ከዚሁ ሽጉጥ ከሁለት ሲሊንደር ጋር የሚሸጥ ዓይነት አለ፤ አንዱ ለ22 ሎንግ ራይፍል፣ ሌላው ለ22 ማግነም። ቱቦው ያው ነው፤ የሚለወጠው ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል ብቻ ነው። ሁለቱም ጥይቶች «22» ይባላሉ፤ ነገር ግን የማግነሙ ቀለህ ይረዝማል፣ ወፈርም ይላል። ትንሹን ጥይት የማግነሙ ሲሊንደር ውስጥ ብትከቱት ይገባል። አደጋው መግባቱ ነው። ቀለሁ ዙሪያውን የሚደግፈው ስለማያገኝ ሲተኮስ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ትኩሱ ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ እጅና ዓይን ይመጣል።

ስለዚህ አለዋወጡ ሥርዓት አለው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል። የጎን በሯ ተከፍታ፣ ሲሊንደሩ እየዞረ፣ ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑ በዓይን ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የመሐሉ ዘንግ ተስቦ ሲሊንደሩ የሚወጣው። ትርፉ ሲሊንደር ላይ የሽጉጡ ቁጥር የመጨረሻ አሃዞች ይጻፋሉ፤ የተገጣጠመው ከዚያው ሽጉጥ ጋር ነውና። ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ሲሊንደር ቢገባ እንኳ ቀዳዳው ከቱቦው ጋር በትክክል ላይገጥም ይችላል። አጠገባችሁም የአንዱ ዓይነት ጥይት ብቻ ይኑር፤ የሌላው ኪስ ውስጥ እንኳ አይቅር።

ዋግ የመሣሪያን ነገር በመንግሥት ደረጃ ዋጋ ከፍሎ ያወቀ አገር ነው። ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ የትግራዩን ገዥ ካሣ ምርጫን ሲገጥሙ በሠራዊት ብዛት ይበልጡ ነበር። ካሣ ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የተዉላቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው፤ ዐፄው ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ሞዘር ተደራረበ። ሁሉም ጥይቱን ለየብቻ የሚፈልግ ነው።

ሞዘሩን ብቻ እንይ። የድሮውም የአዲሱም ጥይት ቀለህ ርዝመቱ ያው 57 ሚሊሜትር ነው። ጀርመኖች ግን እ.ኤ.አ. በ1905 ዓረሩን ከ8.08 ወደ 8.20 ሚሊሜትር አወፈሩት። ጠባብ ቱቦ ያለው የቀድሞው ጠመንጃ አዲሱን ጥይት ሊጎርስ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን ወፍራሙ ዓረር በጠባቡ ይገፋና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ ላይ የምፈራው ይህንን ነው።

ክላሹም በአገራችን «ብሬን» የሚባለው ፒኬኤምም 7.62 ናቸው፤ እዚህ ላይ የክላሹ ቀለህ 39፣ የብሬኑ 54 ሚሊሜትር ስለሆነ ክላሹ የብሬኑን አይጎርስም። ሽጉጥ ላይ መምታታቱ ይብሳል። ማካሮቭ 9 በ18 ነው፣ ሌሎች ብዙዎች 9 በ19፤ «ባለ ዘጠኝ ነው» ያለ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። የቀለሁን ቂጥ አይቼ እለየዋለሁ ማለትም አያስተማምንም፤ የወታደር ጥይት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው የፋብሪካው ምልክትና ዓመቱ እንጂ መጠኑ አይደለም። ያልታወቀ ጥይት በካሊፐር ለክቶ ለሚለይ ባለሙያ ይታይ፤ ሰርግ ላይ አይሞከር።

የተኩሱ ድምፅ ከወትሮው ካነሰ ሁለተኛ አትተኩሱ። ዓረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ተከታዩ ሲደርስበት ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። ጨርሶ ካልተኮሰም ቶሎ አትክፈቱት፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ ያረጀ ጥይት ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ልጆቹንም አርቁ፤ ቀለህ ለመልቀም ቀድመው የሚሮጡት እነሱ ናቸው።